ንጋት የሌለው መርዶ

(ወደ ማርስ በምትጓዝ መንኮራኩር ውስጥ፤ ተሳፋሪዎቿ ገና በሃያዎቹ ያሉ ሁለት ወጣቶች ብቻ ናቸው፤ የመገናኛ ባለሙያዋ ትርሲት በሁለት በሮች መካከል ያለችውን የመውጫ ክፍል ከውስጥ ቆልፋ እጇን በውጭው በር ማንሻ ላይ አድርጋለች፤ ሐኪሙ ይትባረክ በውስጠኛው በር ትንሽ መስኮት እያያት በድምፅ ማስተላለፊያው ያናግራታል።)

ይትባረክ፦ መጀመሪያ ያለውን ልንገርሽ፣ ከዚያ እንጣላለን። የውጭው በር ዝግ ነው። የመጠበቂያው ፒን በቦታው ነው። የክፍሉ ግፊት ሙሉ ነው። የአየር መለኪያው የአንድ ሰው ትንፋሽ ያሳያል። የጠፈር ልብስ አልለበስሽም፣ እጅሽም ማንሻው ላይ ነው። እስካሁን ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ስለዚህ ውጪ።

ትርሲት፦ አንብበህ ጨረስክ?

ይትባረክ፦ ጨረስኩ።

ትርሲት፦ በል ተመለስና ተኛ። የመንኮራኩሯ የንጋት መብራት ገና አልበራም።

ይትባረክ፦ አልጋሽን ባዶ አይቼ እንዴት ነው የምተኛው?

ትርሲት፦ እንደ ሌላው ቀን። ሌላም ቀን ባዶ ነው፤ አንተ ነህ ደህና እንቅልፍ ያለህ።

ይትባረክ፦ ሌላም ቀን እዚህ ነበርሽ?

ትርሲት፦ መብራቱ መንጋት ሲጀምር እመጣለሁ፣ እነሱ ሲሄዱ እመለሳለሁ። ቁርስ ላይ ታገኘኛለህ። ምን ጎደለብህ?

ይትባረክ፦ እነማን ናቸው እነሱ?

ትርሲት፦ ቀስ በል። ይሰሙሃል።

ይትባረክ፦ ትርሲት፣ እነማን?

ትርሲት፦ የሚያንኳኩት ናቸዋ።

ይትባረክ፦ እሱን ነገር ጨርሰነው የለም እንዴ? ብረቱ ነው። መንኮራኩሯ ጎኗን ወደ ፀሐይ ስታዞር የቀዘቀዘው ብረት ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ቋ፣ ቋ ይላል። ድምፁን ቀድቼ አሰምቼሽ "ልክ ነህ" ብለሽኛል።

ትርሲት፦ ልክ ነህ ያልኩህ እንድትተወኝ ነው። እኔ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው ያደግኩት ይትባረክ፤ ብረት ሲሞቅ ምን እንደሚል አንተ አትነግረኝም። ይኼ ሰው ነው። በጣቱ አንጓ፣ ጎረቤት እንዳይቀሰቅስ ተጠንቅቆ። ያንኳኳና ዝም ይላል። ከውስጥ ኮቴ ይሰማ እንደሆነ ያዳምጣል። ከዚያ ደግሞ ያንኳኳል። ሲነጋጋ እንደዚህ አድርጎ የሚያንኳኳ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለህ። አገርህ ሌላ አይደለም።

ይትባረክ፦ መርዶ ነጋሪ።

ትርሲት፦ እንዲያ ነው።

ይትባረክ፦ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ይኼን ሁሉ መንገድ፣ በባዶ ሕዋ?

ትርሲት፦ ሳቅ። አንተ ስትስቅ ደስ ይለኛል፤ እውነቴን ነው።

ይትባረክ፦ አልሳቅሁም። ስንት ይሆናሉ?

ትርሲት፦ አሁን እንደ ሐኪም ነው የምትጠይቀኝ?

ይትባረክ፦ እንደ ጎረቤት። ካንቺ ሌላ ጎረቤት የለኝም።

ትርሲት፦ ዛሬ በዛ ብለዋል። አንደኛው ሸምገል ያለ ነው፤ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ሁልጊዜ አንድ አንደበተ ርቱዕ ይዘው አይደል የሚመጡት? እሱ ነው።

ይትባረክ፦ መለኪያውን እያየሁት ነው። አንድ ሰው ነው የሚለው።

ትርሲት፦ እነሱም የቆሙት ውጭ ነው። ውጭውን ይለካል እንዴ?

ይትባረክ፦ አንድ ነበር፤ ይኸው አሁን ወደ አንድ ተኩል ወጣ። ቀስ ብለሽ ተንፍሺ።

ትርሲት፦ ግማሹ ሰው ማነው?

ይትባረክ፦ አንቺው ነሽ። የፈራ ሰው፣ የሚያለቅስ ሰው፣ የሌላ ሰው አየር ጨምሮ ነው የሚተነፍሰው። መለኪያው ደግሞ ፊት አያይም፤ ትንፋሽ ብቻ ይቆጥራል። እባክሽ እጅሽን ከማንሻው ላይ አንሺ።

ትርሲት፦ አላነሳም። አንተ ሳትነቃ ልጨርሰው ነበር ሐሳቤ።

ይትባረክ፦ ምኑን ነው የምትጨርሺው?

ትርሲት፦ ነገሩን። አንድ ቀን ጠንከር ብዬ ብጨርሰው ነገ አይመለሱም።

ይትባረክ፦ ማንሻው አንዴ ከዞረ ነገ የሚባል የለም። ላንቺም፣ ለእኔም።

ትርሲት፦ አውቃለሁ። ለዚህ አይደል የያዝኩት?

ይትባረክ፦ እሺ። እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። የአባትሽን መንገድ ቁጠሪልኝ። እንቅልፍ እምቢ ሲልሽ እንደምትቆጥሪው።

ትርሲት፦ አሁን?

ይትባረክ፦ አሁን። የሚነዱት አውቶቡስ ከደሴ ተነሳ እንበል።

ትርሲት፦ ከደሴ... ኮምቦልቻ። ከዚያ ከሚሴ። ከሚሴ ላይ ብርቱካን ይገዛልኛል። አጣዬ። ሸዋ ሮቢት፤ እዚያ ሙቀቱ ያስተኛኛል። ደብረ ሲና። ከዚያ ዳገቱን ወጥቶ ጣርማ በር። ዋሻው ውስጥ ሲገባ ክላክሱን ይነፋል፣ እኔን ለመቀስቀስ። ተሳፋሪው ሁሉ ይቆጣዋል። እሱ ግን...

ይትባረክ፦ ከዋሻው ውጪና ቀጥዪ።

ትርሲት፦ ዝም በል፤ ሰማህ?

ይትባረክ፦ ሰማሁ። ብረቱ ነው።

ትርሲት፦ ታዲያ ለምን ደነገጥክ?

ይትባረክ፦ እጅሽ ስለተንቀሳቀሰ። ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰሚያቸው?

ትርሲት፦ መሬት ከከዋክብቱ ጋር ከተቀላቀለች ወዲህ። ትዝ ይልሃል፣ ጠዋት ጠዋት በመስኮት እጃችንን የምናውለበልብላት? አንድ ቀን መነጽሩን አምጥቼ አየሁ። ሌላ ኮከብ ሆና አገኘኋት። ስንት ጠዋት ለማናውቀው ኮከብ ደህና አደርሽ ስንል ከርመናል።

ይትባረክ፦ እኔ ነበርኩ "ያቻትና" ብዬ ያሳየሁሽ።

ትርሲት፦ አንተ ነህ። በእርግጠኝነት። በጣትህ። "ወጣት ናቸው፣ ረጅም መንገድ ይችላሉ" ብለው ሲመርጡን የት መሆናችንን የሚያውቅ ጣት ግን አልጨመሩልንም።

ይትባረክ፦ ቀለድሽ። ጥሩ ነው።

ትርሲት፦ እንደዚህ አትበለኝ። "ጥሩ ነው" ስትል ሙቀት እንደምትለካኝ ነው የሚሰማኝ።

ይትባረክ፦ እውነት ነው፣ ስለካሽ ከርሜያለሁ። ልንገርሽ? የማንጎ ድርቆሽ ድርሻሽን ለእኔ ማሳለፍ ጀምረሻል። ስናወራ አፌን እንጂ ዓይኔን አታዪም። ቀልድ ሳይኖር ትስቂያለሽ። ከመሬት መልእክት ሲመጣ መጀመሪያ ብቻሽን ትሰሚውና ቆይተሽ ነው የምትጠሪኝ። እህቴ ስመኝ የላከችልኝን የገበጣ ተራ ስታነቢልኝ እንኳ ድምፅሽ ይንቀጠቀጣል።

ትርሲት፦ ገበጣውን ደግሞ እዚህ ምን አመጣው?

ይትባረክ፦ ለምሳሌ ነው ያነሳሁት። ያቺ ልጅ ሰላምታዋም ናፍቆቷም ጠጠር ብቻ ነው፤ "ከሦስተኛው ጉድጓድ አንሳ" ትላለች፣ ሌላ ቃል የላትም። እሱን ለማንበብ ምን ያንቀጠቅጣል?

ትርሲት፦ ብርድ ይሆናል።

ይትባረክ፦ በነገራችን ላይ ሦስት ጊዜ አከታትዬ አሸነፍኳት። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ቀን አስነክታኝ አታውቅም እኮ። ፈተና ደርሶባት ይሆናል ሐሳቧ የተበተነው።

ትርሲት፦ ይሆናል።

ይትባረክ፦ ይኸው፣ አሁንም ድምፅሽ። ይኼ ሁሉ የአንድ ነገር ምልክት ነው ትርሲት። የጠረጠረ ሰው ምልክት።

ትርሲት፦ ምን የጠረጠረ?

ይትባረክ፦ አንቺው ንገሪኝ።

ትርሲት፦ እኔ ምንም አልነግርህም! ሰማህ? ምንም የምነግርህ ነገር የለኝም። ሂድ ተኛ!

ይትባረክ፦ መለኪያው ወደ ሁለት ሊጠጋ ነው። እሺ፣ አልጮህም፣ አትጩሂ። አባትሽ እንዴት ናቸው?

ትርሲት፦ አባዬ? አባዬ ምን አገባው?

ይትባረክ፦ ትናንት መልእክት ልከውልሻል።

ትርሲት፦ ደህና ነው። ከእስከዛሬው ሁሉ ደህና ነው። ሰሞኑን "እናቴ" ይለኛል ታምናለህ? ድሮ "አንቺ ጉድ" ነበር የምባለው። ዘመኑን ሙሉ ከሞተር በላይ ሲጮህ ኖሮ ድምፁ ተለሳልሷል። ሳሉም ለቆታል።

ይትባረክ፦ ሌላስ ምን ታዘብሽ?

ትርሲት፦ ሌላ... ድሮ መልእክቱን ሲጨርስ ክላክሱን ይነፋልኝ ነበር። አሁን ትቶታል።

ይትባረክ፦ ለምን የተዉት ይመስልሻል?

ትርሲት፦ እኔ ምን አውቄ? አውቶቡሱን ሸጦት ይሆናል። ለምንድን ነው እንዲህ የምታየኝ?

ይትባረክ፦ በቃ። በቃ ትርሲት። ብቻሽን እንድትሸከሚው ትቼሻለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያ በር ጀርባ የቆመ ሰው የለም። መርዶው ያለው ከበሩ ወዲህ ነው። እኔ ጋ።

ትርሲት፦ አንተ ጋ?

ይትባረክ፦ እኔ ጋ።

ትርሲት፦ ታውቃለህ ማለት ነው? ማን ነገረህ?

ይትባረክ፦ መሬት ያለው የበረራ ማዕከላችን። በሐኪም መስመር፣ ላንቺ በማይከፈተው።

ትርሲት፦ አውቀህ ነው ከእኔ ጋር ስትስቅ የከረምከው? በላህ፣ ተኛህ፣ አፏጨህ... አውቀህ?

ይትባረክ፦ አውቄ። ይቅር በዪኝ።

ትርሲት፦ ኧረ እኔ ነኝ ይቅርታ የምለው! እኔ ነኝ፣ ስንት ቀን ልንገረው አልንገረው እያልኩ...

ይትባረክ፦ አባትሽ አርፈዋል ትርሲት። እግዜር ያጥናሽ።

ትርሲት፦ ምን አልክ?

ይትባረክ፦ እንቅልፍ ላይ ሳሉ ነው። አልተሠቃዩም።

ትርሲት፦ የማን አባት?

ይትባረክ፦ ያንቺ።

ትርሲት፦ አይደለም። አይደለም፣ ተሳስተሃል። ሰዎቹ የመጡት ለእኔ አይደለም።

ይትባረክ፦ ትርሲት...

ትርሲት፦ ትናንት አናግሮኛል! "እናቴ፣ ብርዱ እንዴት ነው?" ብሎኛል። እኔ ነኝ የተቀበልኩት፣ በገዛ ጆሮዬ።

ይትባረክ፦ አጎትሽ ናቸው። ድምፃቸው ከአባትሽ ድምፅ ጋር አይለይም። ቤተሰቡ ማዕከሉን ለምኖ ነው፤ "ብቻዋን ናት፣ ደግፎ የሚይዛት ዘመድ የለም፣ በመንገድ ላይ ያለ ሰው አይረዳም፣ እስክትመለስ ይቆይላት" ብለው። እኔን ደግሞ "ጠብቃት" አሉኝ።

ትርሲት፦ አጎቴ መሸሻ።

ይትባረክ፦ እሳቸው።

ትርሲት፦ ሴት ልጆቹን ሁሉ "እናቴ" ነው የሚላቸው። እኔ ደግሞ... እኔ ደግሞ አባዬ በስተርጅናው ፍቅር ማውራት ተማረ ብዬ ደስ ሲለኝ ከረምኩ። እየመላለስኩ ነው የሰማሁት ይትባረክ። ልቤ እስኪጠግብ።

ይትባረክ፦ ቆይ... አላወቅሽም ነበር?

ትርሲት፦ ከየት አውቄ?

ይትባረክ፦ "እናቴ ይለኛል" ስትዪኝ፣ ክላክሱን ስታነሺብኝ፣ የደረስሽበት መስሎኝ... ጠርጥረሽ በሩን ልትከፍቺ...

ትርሲት፦ ፒኑን አይተኸዋል?

ይትባረክ፦ አይቼዋለሁ። በቦታው ነው ብዬሻለሁ።

ትርሲት፦ በር ሊከፍት የመጣ ሰው በመጀመሪያ ምን ይነቅላል?

ይትባረክ፦ ...ፒኑን።

ትርሲት፦ እጄንስ? ማንሻውን ወደየት እንደምጫነው ተመልከት እስቲ። ማየት ትወድ የለ።

ይትባረክ፦ ወደ መዝጊያው።

ትርሲት፦ ወደ መዝጊያው። በየንጋቱ፣ ክንዴ እስኪዝል። እንዳይገቡ።

ይትባረክ፦ ለምን? ያንቺን የማታውቂ ከሆነ ምን አስፈራሽ? ማን ላይ እንዳይገቡ ነው?

ትርሲት፦ አትጠይቀኝ።

ይትባረክ፦ ትርሲት፣ እዚህ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን።

ትርሲት፦ አትጠይቀኝ አልኩህ።

ይትባረክ፦ ላንቺ ካልመጡ ለማን ነው የመጡት?

ትርሲት፦ ስመኝን አንድ ቀን እንኳ አሸንፈሃት አታውቅም አልክ አይደል?

ይትባረክ፦ አላውቅም።

ትርሲት፦ አሁንም አላሸነፍካትም። ያሸነፍከው እኔን ነው።

ይትባረክ፦ አንቺን?

ትርሲት፦ ጨዋታውን አንተው ነህ ያስተማርከኝ፤ በደንብ አልያዘልኝም። ተራዋን ከየትኛው ጉድጓድ እንደማነሳ እስክወስን አድር ነበር። ይበልጥ መጫወት ብችል ኖሮ እየተሸነፍክ ትቆይልኝ ነበር። ይትባረክ? ይትባረክ፣ ከመስኮቱ አትራቅ። ፊትህን አሳየኝ።

ይትባረክ፦ አለሁ።

ትርሲት፦ እግዜር ያጥናህ ወንድሜ።

ይትባረክ፦ መቼ?

ትርሲት፦ መሬት የጠፋችን ሰሞን። ድንገት ነው የታመመችው። ፈጥኖ ነው አሉ።

ይትባረክ፦ ምኗን? ምኗን ነው ያመማት? ትኩሳት ነበራት? ምን ሰጧት?

ትርሲት፦ አልነገሩኝም። "እሱ ሐኪም ነው፤ እሱ ከወደቀ ሁለታችሁም ትጠፋላችሁ። ጠብቂው" ነው ያሉኝ።

ይትባረክ፦ ለእኔም "ጠብቃት"።

ትርሲት፦ የነገረህ ሰውዬ ጉሮሮውን ይጠራርግ ነበር?

ይትባረክ፦ ...ሊናገር ሲል። አዎ።

ትርሲት፦ እሱ ነው።

ይትባረክ፦ ማንጎውን የሰጠሽኝ፣ ዓይኔን የሸሸሽው... እኔም እኮ ያንኑ ሳደርግ ነው የከረምኩት። እንጆሪውን እተውልሽ ነበር። ዓይንሽን እሸሽ ነበር። የራሴን ምልክት ነው አንቺ ላይ ያየሁት፤ አላወቅኩትም። ይኼን ሁሉ ተምሬ።

ትርሲት፦ አንተም ቀልድ ሳይኖር ትስቅ ነበር። በድካም ነው ብዬ ነው ያለፍኩት።

ይትባረክ፦ ክፈቺልኝ።

ትርሲት፦ ከከፈትኩልህ ማንሻውን ማን ይይዘዋል?

ይትባረክ፦ ልቀቂው። ይዘው የመጡትን እኛው ተነጋግረነዋል። ቢገቡም የሚሉት የላቸውም።

ትርሲት፦ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ይትባረክ፦ አንድ አንድ ጣት። ትንሿን መጀመሪያ። እንዲያ። ሌላውን። አሁን ዞር በዪና የዚህኛውን በር መቆለፊያ ሳቢ... ገባሁ። ይዤሻለሁ። ይዤሻለሁ።

ትርሲት፦ መሬት ላይ ነው መቀመጥ ያለብን። ሐዘንተኛ መሬት ነው የሚቀመጠው።

ይትባረክ፦ የቱ ነው መሬቱ?

ትርሲት፦ አንተ አሳየኝ። በጣትህ።

ይትባረክ፦ እዚህ ነው። ይኼ ግድግዳ ይሁንልን። ቀበቶውን ወገብሽ ላይ እሰሪው፣ እኔም እታሰራለሁ።

ትርሲት፦ ደረቴን ብመታ ወደ ኋላ ይወረውረኛል።

ይትባረክ፦ አሁን አይወረውርሽም። ታስረሻል። ምቺ።

ትርሲት፦ እንባዬ አይወርድም ይትባረክ። ዓይኔ ላይ ቆመ። ምንም አይታየኝም።

ይትባረክ፦ እዚህ አይወርድም፤ የሚስበው ነገር የለም። ነይ በእጅጌዬ ልጥረግልሽ።

ትርሲት፦ ያንተም ቆሟል። ቆይ፣ አትንቀሳቀስ... ይኸው። ለማን እናልቅስ መጀመሪያ?

ይትባረክ፦ ለአባትሽ። ታላቅ ናቸው።

ትርሲት፦ ስመኝ ትቅደም። ልጅ ናት፣ ብቻዋን ትፈራለች።

ይትባረክ፦ አትፈራም። ምንም ነገር አትፈራም ነበር። እኔን ብቻ... ስመኝዬ...

ትርሲት፦ አልቅስ። አልቅስ፣ ለቀስተኛህ አለሁ። ከዋሻው ሳናወጣው ነው የተውነው አባዬን። ክላክሱን እኔ ልንፋለት?

ይትባረክ፦ ንፊለት።

ትርሲት፦ ጲጵ... ጲጲጵ!

ይትባረክ፦ ወጡ። ዋሻውን ወጡ። ደብረ ብርሃን ደረሱ።

ትርሲት፦ እነሱስ? ሄዱ? አሁንም ይሰማሃል?

ይትባረክ፦ አላዳመጥኩም።

ትርሲት፦ መለኪያውን እየው። አንተ ያለ እሱ አታምንም።

ይትባረክ፦ የውጭው በር ዝግ ነው። ፒኑ በቦታው ነው። ግፊቱ ሙሉ ነው። የአየር መለኪያው በክፍሉ ውስጥ የአራት ሰው ትንፋሽ ያሳያል።